«ፍሪጅ ይፈልጋል» ያለው ማን ነው? የፕሮቲን መድኃኒት ላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚፈተሽ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። አንዲት እናት ኢንሱሊናቸውን ይረከቡና «ልጄ፣ በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ከጦሳ ተራራ የሚወርደው አይበቃውም?» ይላሉ። ኮምቦልቻ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፤ «በዚህ ሙቀት ቤት እስኪደርስ አይበላሽም ወይ?» የሚለው ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይላል፤ እንደሱ ያድርጉ»።

መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ለጠያቂዋ አይበቃም ባይ ነኝ። ያን ቁጥር ካርቶኑ ላይ የጻፈው ሰው ከየት አመጣው? መድኃኒቱ ቢሞቅ ውስጡ ምን ይሆናል? ሲያዩት ውኃ ነው፤ ታዲያ መበላሸቱ በምን ይታወቃል? የዚህ ሁሉ መልስ ያለው መድኃኒቱ ገና ሲሠራ ለዓመታት በሚደረግ የላቦራቶሪ ፍተሻ ውስጥ ነው። ዛሬ እሱን ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ መጠኑን እንያዝ። ፓራሲታሞልን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የፓራሲታሞል ሞለኪውል 20 አተሞች ብቻ ነው ያሉት። ፋብሪካ በኬሚካል ያዋህደዋል፤ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው አይለይም። ኢንሱሊን ግን 788 አተሞች አሉት። አሚኖ አሲድ የሚባሉ 51 የፕሮቲን መገንቢያዎች በሁለት ሰንሰለት፣ በአንዱ 21 በሌላው 30 ሆነው ይደረደራሉ፤ ሰንሰለቶቹ በድኝ ማሰሪያ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በተወሰነ ቅርጽ ይታጠፋሉ። ያ ቅርጽ ከፈረሰ አተሞቹ ሁሉ በቦታቸው ቢኖሩም መድኃኒትነቱ ያበቃል። ኢንሱሊን ደግሞ ከፕሮቲን መድኃኒቶች ከትንንሾቹ አንዱ ነው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ ወይም ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች የሚሰጠው ሪቱክሲማብ፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች የሚመስሉት፣ አንቲቦዲ የሚባሉት ማለት ነው፣ ከኢንሱሊን 25 እጥፍ ያህል ይከብዳሉ።

ይህን የሚያክል ነገር እንደ ፓራሲታሞል በኬሚካል ማዋሃድ አያዋጣም። የሚሠራው ሕይወት ያለው ሴል ነው። የሰው ኢንሱሊን ጂን ኢ. ኮላይ ወደሚባለው ባክቴሪያ ወይም ወደ እርሾ ይገባል፤ ባክቴሪያው ወይም እርሾው እየተራባ ኢንሱሊኑን ያመርታል። በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። እርሾው ደግሞ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የሚሉት፣ ዳቦ የምናቦካበት ዓይነት ነው። አንቲቦዲዎቹን የሚያመርቱት በአብዛኛው የቻይና ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ እንቁልጢ የተገኙ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲባዙ የኖሩ ሴሎች ናቸው። ኮምቦልቻ ያለውን የቢራ ፋብሪካ ታንኮች ያየ ሰው ምርቱን በዓይነ ሕሊናው መሳል አይከብደውም፤ ትልቅ የብረት ጋን፣ ውስጡ ስኳርና ምግብ፣ ሙቀቱና አየሩ በሰዓት የሚለካ፣ ሥራውን የሚሠራው ግን በዓይን የማይታየው ነፍስ ያለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልመልስ፤ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቀዋልና። «ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው?» ድሮ አዎ፣ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ የከብት በሦስት። ዛሬ በብዛት የሚመረተው «የሰው ኢንሱሊን» ተብሎ የተጻፈበት ከባክቴሪያ ወይም ከእርሾ የመጣ ነው። ይህን ደግሞ በቃል ማመን አያስፈልግም። ላቦራቶሪ ይለየዋል፤ እንዴት እንደሚለየው አሁን እንመጣበታለን።

ነፍስ ያለው ነገር ሲያመርት ምርቱ ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። ሴሉ አንዳንዴ ሰንሰለቱን አሳጥሮ ይተወዋል። አንዳንዴ ላዩ ላይ የሚንጠለጠለውን ስኳር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጋኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ትንሽ ሲለወጥ ምርቱም ይለወጣል። ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የተለያዩ፣ በጣም የሚቀራረቡ ሞለኪውሎች ስብስብ ነው። የላቦራቶሪው ሥራ ይህን ስብስብ ማወቅ ነው፦ ማን አለበት? ስንት ነው? የትኛው ይጠቅማል? የትኛው ይጎዳል? ይህን ሁሉ የሚመልስ አንድ መሣሪያ የለም። ይህን ጉዳይ ስጽፍ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ አንድ የፕሮቲን መድኃኒት በአንድ ምርመራ «ደህና ነው» አይባልም።

ታሪኩም የጀመረው በዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በስኳር ሕመም ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ከቆሽት ያወጡት ፈሳሽ ጥር 11 ቀን ተወጋ። ስኳሩ ትንሽ ወረደ፣ የተወጋበት ቦታ ግን መግል ያዘ። መድኃኒቱ ውስጡ ነበረ፤ አብሮት የነበረው ቆሻሻ ነው የጎዳው። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባዮኬሚስት ኢንሱሊኑ በየትኛው የአልኮል መጠን ላይ እንደሚዘቅጥ እየለካ ሲያጣራው ሰነበተ። ጥር 23 ቀን ልጁ ያንን የተጣራውን ተወጋ፤ ስኳሩም ወረደ። ልጁን ያዳነው ግኝቱ ብቻ ሳይሆን ማጣራቱም ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ላቦራቶሪ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ነገር እሱ ራሱ ነው ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሞለኪውል ይመዝናል። ፕሮቲን ትልቅና በቀላሉ የሚፈርስ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ በዚህ መሣሪያ መመዘን አይቻልም ነበር። ጆን ፌንና ኮይቺ ታናካ ፕሮቲኑን ሳይሰብሩ ወደ መሣሪያው የሚያስገቡባቸውን መንገዶች አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዚህ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ናሙና ይገባል፤ ደቂቃዎች ሳይቆይ ቁጥር ይወጣል። ዳልተን በሚባለው የሞለኪውል ክብደት መለኪያ የሰው ኢንሱሊን 5,808 ያህል ይመዝናል። የአሳማው 5,778። ልዩነቱ 30 ነው፤ የዚያች የአንዷ አሚኖ አሲድ ልዩነት ማለት ነው። «ከአሳማ ነው ወይ?» ያልነው ጥያቄ እዚህ በማያሻማ ቁጥር ይመለሳል።

ሞለኪውሉ ሲያረጅም ሚዛኑ ይናገራል። አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ከጊዜ ብዛት ሲለወጥ ክብደቱ በ1 ይጨምራል። ሜታዮኒን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ሲያገኘው በ16 ይጨምራል። 148,000 በሚመዝን አንቲቦዲ ላይ የ1 ጭማሪ ማየት በጣም ከባድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይቆራረጣል። እንዴት እንደሚቆራረጥ ቆየት ብለን እንይ፣ ምክንያቱም እኔን ከዚህ ሥራ ሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይሄ ነው።

ኢንሱሊን ሊስፕሮ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ፣ ከምግብ በፊት ተወግቶ ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ነው። ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በምን መሰላችሁ? በሁለተኛው ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ላይ ያሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ፕሮሊንና ላይሲን፣ ቦታ ተቀያይረዋል። የተጨመረ የለም፣ የተቀነሰም የለም። ስለዚህ ሚዛን ላይ ብታወጡት ሁለቱም እኩል ናቸው፤ 5,808። የዓለምን ምርጥ ሚዛን ብታመጡ አይለያቸውም። ሰውነት ውስጥ ግን ሥራቸው ይለያያል፤ አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዘግየት ይላል። የስኳር ታማሚ ሳያውቅ አንዱን በሌላው ቢተካ ስኳሩ በማይጠብቀው ሰዓት ሊወርድበት ይችላል።

ታዲያ ላቦራቶሪው ምን ያደርጋል? ትሪፕሲን የሚባል ኤንዛይም ይጨምርበታል። ትሪፕሲን በራሳችን አንጀት ውስጥም አለ፤ ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው፤ የሚቆርጠውም በዘፈቀደ አይደለም። ላይሲን ወይም አርጂኒን ሲያገኝ ከኋላቸው ይቆርጣል። ቀጥሎ ያለው ፕሮሊን ከሆነ ግን አይቆርጥም፣ ያልፈዋል። የሰው ኢንሱሊን ላይ ላይሲኑ 29ኛው ላይ ነው፤ ከኋላው ያለው ትሪዮኒን ስለሆነ ይቆረጣል፤ የመጨረሻዋ አሚኖ አሲድ ለብቻዋ ትወድቃለች። ሊስፕሮ ላይ ላይሲኑ 28ኛው ላይ ነው፣ ቀጥሎ ፕሮሊን ይጠብቀዋል፤ ትሪፕሲኑ እዚያ ላይ ይከለከላል፣ ጫፉ ሳይቆረጥ ይቀራል። ቁርጥራጮቹ ሲመዘኑ ሚዛን ያልለያቸው ሁለት መድኃኒቶች ወዲያው ይለያያሉ። ይህ ሥራ ፔፕታይድ ማፒንግ ይባላል። እኩል የሚመዝኑትን ሚዛን አይለይም፤ ቆርጦ ማየት ይለያል። አንድ ምርመራ አይበቃም ያልኩት ለዚህ ነው።

ቁርጥራጮቹን ለመለየት ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል። ጥቂት ማይክሮ ሊትር ናሙና በከፍተኛ ግፊት ወደ ቀጭን የብረት ቱቦ ይገፋል፤ ኮለምን ይሉታል። ቱቦው በጣም ደቃቅ በሆኑ ቅንጣቶች ታጭቋል። ሞለኪውሎቹ በቅንጣቶቹ መካከል ሲያልፉ አንዳንዱ ይያዛል፣ አንዳንዱ ቶሎ ያልፋል። በሚወጡበት ጊዜ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ብቅ ይልና ይወርዳል፤ ፒክ ይባላል። ጥሩ ናሙና አንድ ትልቅ ፒክ ይሰጣል፣ አጠገቡ ጥቂት ትንንሾች ይታያሉ። ባለሙያው ጊዜውን የሚያጠፋው በትልቁ ላይ ሳይሆን በትንንሾቹ ላይ ነው። ይሄኛው ምንድን ነው? ባለፈው ወር አልነበረም፤ ከየት መጣ? መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ለእያንዳንዷ ፒክ ስም እስኪገኝላት ድረስ ወራት ይሠራል።

በአንቲቦዲዎች ላይ ደግሞ ስኳር የሚባል ሌላ ጣጣ አለ። የደም ስኳር ማለቴ አይደለም፤ ሴሉ ፕሮቲኑ ላይ የሚያንጠለጥላቸው የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ፉኮስ የምትባል አንዲት ስኳር ከአንቲቦዲው ላይ ስትጎድል አንቲቦዲው የሰውነትን ገዳይ ሴሎች በካንሰሩ ላይ የመጥራት ኃይሉ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ሲዛወር ፉኮሱ ከተለወጠ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ጉልበቱ የተለያየ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካው ከትንሽ ጋን ወደ ብዙ ሺህ ሊትር ጋን ሲያድግ ስኳሮቹ እንደገና የሚቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «አብሮት ማን አለ?» ነው። ባክቴሪያው ወይም ሴሉ የራሱ ሺህ ፕሮቲኖች አሉት፣ የራሱ ዲኤንኤ አለው። ምርቱ ሲጣራ አብዛኛው ይወገዳል፤ ርዝራዡ ይለካል። ለሴሉ ዲኤንኤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ላይ ያለው ጣሪያ በአንድ ዶዝ 10 ናኖ ግራም ነው። ናኖ ግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮነኛ ነው።

ኢ. ኮላይ ሲሞት ከግድግዳው የሚለቀው ኢንዶቶክሲንም አለ። ጥቂቱ ደም ውስጥ ቢገባ ኃይለኛ ትኩሳት ያመጣል። ክፋቱ መፍላት አያጠፋውም፤ ጀርሙ ሞቶም መርዙ ይቀራል። ቀደም ሲል መድኃኒቱን ጥንቸል ወግቶ ትኩሳት መያዟን ማየት ነበር ፍተሻው። ኋላ ላይ ሆርስሹ ክራብ የሚባል የባሕር እንስሳ ሰማያዊ ደም ኢንዶቶክሲን ሲያገኝ ወዲያው እንደሚረጋ ታወቀ፤ ለረጅም ዓመታት በዓለም ላይ መርፌ ሁሉ የተፈተሸው ከዚያ ደም በተሠራ መፈተሻ ፈሳሽ ነው። አሁን ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ እንስሳውን የማይነካ በላቦራቶሪ የተሠራ ፕሮቲን እየተካው ነው፤ ደስ የሚል ለውጥ ነው።

በእኔ ግምት ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ከውጭ የገባው ቆሻሻ አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ነው። ፕሮቲን ሲሞቅ፣ በረዶ ሲሆን፣ ሲናጥ መተጣጠፉ ይላላና ጎረቤቱን ይይዛል። ሁለት ይሆናሉ፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ በዓይን የሚታይ ዝቃጭ። የተጣበቀው አይሠራም፤ ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት ሰውነታችን የተጣበቀ ፕሮቲን ሲያይ ቫይረስ የመጣ ሊመስለው መቻሉ ነው፤ ያኔ በመድኃኒቱ ላይ አንቲቦዲ መሥራት ይጀምራል።

ይህ የሆነበት እውነተኛ ታሪክ አለ። ኤሪትሮፖይቲን የኩላሊት ሕሙማን የሚወስዱት፣ መቅኔ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ሰው በራሱ ኩላሊት ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢፕሬክስ በሚል ስም ከአሜሪካ ውጭ የሚሸጠው ዓይነት ላይ አንድ ለውጥ ተደረገ፦ ፕሮቲኑን እንዲያረጋጋ ውስጡ የነበረው አልቡሚን የሚባለው የሰው ደም ፕሮቲን ወጥቶ ፖሊሶርቤት 80 በሚባል ኬሚካል ተተካ። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ ከሰው ደም የመጣ ነገር በሽታ ያስተላልፍ ይሆናል የሚል ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር የሚወጉ ሕሙማን ላይ ያልተለመደ ነገር ታየ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ደማቸው ይወርዳል። መቅኔያቸው ቀይ የደም ሴል መሥራት አቁሟል። ሰውነታቸው በመድኃኒቱ ላይ አንቲቦዲ ሠርቷል፤ አንቲቦዲው ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ኤሪትሮፖይቲን ይገድላል። ሰዎቹ በሚለገስ ደም ላይ ተንጠለጠሉ።

ምን ሆነ? ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ፖሊሶርቤቱ ከሲሪንጁ የጎማ መክደኛ ኬሚካል እያሟሟ አወጣ የሚል ነው። ሌላው ፕሮቲኑ በአዲሱ ቅመም መጣበቅ አበዛ ይላል። ጎማው በሌላ ነገር ተሸፈነ፣ ኩላሊት ሕሙማን በደም ሥር እንዲወስዱት ተደረገ፣ ችግሩም ቀነሰ። ፕሮቲኑ ያው ነበር። የተለወጠው አብሮት ያለው ቅመም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ኩባንያ ጎማ ሲቀይር፣ ብርጭቆ ሲቀይር፣ ማጣሪያ ሲቀይር አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያመሳክር ይጠበቅበታል። ያን ጊዜ የተጎዱትን ሰዎች ሳስብ ይህን ሁሉ ወረቀትና ምርመራ «ቢሮክራሲ ነው» የሚለው ሰው አይገባኝም።

ሦስተኛው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» ነው። ሚዛኑ ልክ ሆነ፣ ንጹሕ ሆነ፤ ግን ቅርጹ ከፈረሰስ? ለዚህ ሕይወት ያላቸው ሴሎች ይቀርባሉ። አንቲቦዲው የካንሰር ሴል የሚገድል ከሆነ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል አብቅሎ መድኃኒቱን በተለያየ መጠን ጨምሮ ስንቱ እንደሞተ መቁጠር ነው። ውጤቱ ለብቻው አይነበብም፤ ጉልበቱ ከሚታወቅ ማመሳከሪያ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። ኢንሱሊን በሚሊግራም ሳይሆን በ«ዩኒት» የሚታዘዘውም ከዚህ ታሪክ የመጣ ነው፤ በመጀመሪያ ዩኒቱ የሚለካው የጥንቸል ደም ስኳር ምን ያህል እንደወረደ በማየት ነበር። ዛሬ አንድ ዩኒት 0.035 ሚሊግራም ያህል ኢንሱሊን ነው። ፋርማሲ የምናየው 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ ማለትም 35 ሚሊግራም ያህል ፕሮቲን። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ነው። የቀረው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውኃና ጥቂት ቅመም ነው፤ ያቺን 35 ሚሊግራም ሳትጣበቅ፣ ሳትፈርስ ለማቆየት የተቀመረ።

መድኃኒቱ በሰው ላይ መሞከር ሲጀምር ደግሞ ምርመራው ወደ ደም ይሻገራል። ከተወጋ በኋላ ደም ውስጥ ስንት ቀን ቆየ? ሰውነት አንቲቦዲ ሠራበት ወይ? እዚህ የሚሠራው ኤላይዛ የሚባለው ዘዴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ለኤች አይ ቪ ምርመራም ሲያገለግል የኖረ ነው።

«ኦርጂናሉ ነው?» የሚል ጥያቄም አለ። ለፓራሲታሞል መልሱ ቀላል ነው፤ ሞለኪውሉ አንድ ስለሆነ ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ቅጂ፣ ጀነሪክ የሚባለው፣ በትክክል ከተመረተ ያው ነው። ለፕሮቲን ግን ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ሴል፣ ሌላ ጋን ሲሆን ፍጹም ያው የሆነ ምርት አይወጣም። ስለዚህ ጀነሪክ አይባልም፤ ባዮሲሚላር ይባላል። አውሮፓ የመጀመሪያውን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የእድገት ሆርሞን ነበር። ባዮሲሚላር የሚሠራ ኩባንያ ከላይ ያየነውን ፍተሻ በሙሉ ከነባሩ መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ያደርጋል። ይህን ያለፈ ባዮሲሚላር በርካሽ ሲመጣ መፍራት የለብንም። ውድ አንቲቦዲ ለብዙ ሰው የሚደርስበት ከሁሉ የቀረበው መንገድ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ኩባንያው ብልቃጦቹን በሙቀት መቆጣጠሪያ ክፍሎች ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንዱን በ5 ዲግሪ፣ ሌላውን በ25፣ ሌላውን በ40። ሌሎቹን ያቀዘቅዛል፣ ያቀልጣል፣ ይንጣል፣ ብርሃን ላይ ያሰጣል። ከዚያ በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ እያወጣ ያንኑ ሁሉ ምርመራ ይደግማል፦ ፒኮቹ ተለወጡ? ጥብቅብቁ ጨመረ? ጉልበቱ ቀነሰ? በ5 ዲግሪ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሳይለወጥ ከቆየ ያ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ 9 ዲግሪ ላይ ኢንሱሊኑ ድንገት አይሞትም። ከ2 እስከ 8 ያለው ቁጥር «እስከ ማብቂያ ቀኑ ድረስ ላቆየው» ለሚል ሰው የተጻፈ ነው።

ደሴ ብትበርድም ቀን ቀን ቤት ውስጥ 8 ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ ያልተከፈተውንና ለወራት የሚቀመጠውን ብርዱ አይተካለትም፤ ፍሪጅ ካለ ጎረቤትም ቢሆን እዚያ ይቀመጥ። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል፤ ትክክለኛው ቀን አብሮት ያለው ወረቀት ላይ አለ። ደሴ ለዚህ ምቹ ናት። መስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚመታው ቦታና ምድጃ አጠገብ ብቻ አይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ሙቀቱን በደንብ ያወርዳል፤ 8 ዲግሪ ባያደርሰውም።

ከሙቀት ይልቅ ብዙ ሰው የማይፈራው በረዶ መሥራቱን ነው። ፍሪዘር ውስጥ ወይም ከፍሪዘሩ ሥር ተጠግቶ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቀልጦ ንጹሕ ቢመስልም አይወጋ። በረዶው ሲሠራ ፕሮቲኑን ከጨውና ከቅመሙ ጋር ወደ ጠባብ ቦታ ይገፋዋል፤ እዚያ ይጣበቃል። ነጭ ሆኖ የሚመጣው ኤንፒኤች የሚባለው የኢንሱሊን ዓይነት ደግሞ በእጅ ቀስ ብሎ ሲንከባለል ወጥ ወተት መምሰል አለበት። ጓል ከታየበት ወይም የብልቃጡ ግድግዳ በረዶ እንደነካው ሁሉ ነጭ ነጭ ካለ ይመለስ። ንጹሕ መሆን ያለበት ከደፈረሰም እንደዚሁ።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ ከጎረቤታችን የመጣ ጥሩ ዜና አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኬንያ ውስጥ በዳዳብ አካባቢ ባለው የዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ ይሠራሉ። እዚያ ቤቱ ፍሪጅ ያለው ስለሌለ የስኳር ሕመምተኛው ለእያንዳንዱ መርፌ ወደ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። ድርጅቱ ከጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቤቶቹ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለካ፤ በቀንና በሌሊት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። ከዚያ ያንኑ ሙቀት ላቦራቶሪ ውስጥ ፈጥረው የተለያዩ የኢንሱሊን ዓይነቶችን ለ4 ሳምንት አቆዩበት። በክሮማቶግራፊ ለኩ፣ ቅርጹን አዩ፣ ሴል ላይ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ታተመ፤ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ጋር ያለው ልዩነት ከ1 በመቶ አልበለጠም። ሰው ኢንሱሊኑን ይዞ ቤቱ ሊገባ የሚችል ሆነ። ለእኔ ይህ ጥናት ትልቅ ነገር ነው፤ ኩባንያ ለራሱ ገበያ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ፍሪጅ ለሌለው ሰው ጥያቄ መልስ ሰጡ።

የተፈተሸው ግን እስከ 37 ዲግሪ ያለው ነው፣ ለ4 ሳምንት። ቆላ ለሚሄድ ዘመድ ኢንሱሊን ስትልኩ ይህን አስቡ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ከዚያ በጣም በላይ ይሞቃል። ለሾፌሩ ስትሰጡት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከወንበሩ ሥር ጥላ ውስጥ እንዲያስቀምጠው ንገሩት፤ በረዶ ካደረጋችሁበትም በረዶው ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካው በመሐል ፎጣ አድርጉበት።